ከድምፃዊው በስተኋላ

«ኧረ መላ መላ»ን ማን ዘፈነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ መሐሙድ አሕመድ። በዚያ ቅጂ ላይ ጊታር የተጫወተውስ ማነው ብላችሁ ጠይቁ እስቲ። እኔ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ፤ ቢሮ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አንዴ እንዲያውም ሠርግ ላይ። የሚመለስልኝ ብዙ ጊዜ «ባንዱ ነዋ» የሚል ነው። ባንዱ እነማን ናቸው ስትል ደግሞ ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል።

ሰውየው ሰላም ስዩም ወልደማርያም ይባላል። ስሙን መጀመሪያ ስነግረው ታናሽ ወንድሜ «ሴት ናት እንዴ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ራስ ሆቴል ሲጫወት የነበረው የአይቤክስ ባንድ ጊታሪስት ነው። በ1967 ዓ.ም. መሐሙድ ያንን ዘፈን ሲቀዳ ከኋላው የነበሩት አይቤክሶች ናቸው። ቤዙ የጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩ የሰላም። አይቤክስ ማለት እንግዲህ የኛው ዋልያ ነው። በዚያው ዘመን ዋልያስ የሚባል ሌላ ባንድም ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱ የአዲስ አበባ ስመ ጥር ባንዶች ስማቸውን የወሰዱት ከአንድ የስሜን ተራራ እንስሳ ነው። እኛ ጎንደሬዎች በዚህ ትንሽ ብንኮራ ማን ይቀየመናል?

ያው አይቤክስ ኋላ ላይ ሮሃ ባንድ ሆነ። ሮሃን ደግሞ በካሴት ዘመን ቤቱ ቴፕ የነበረው ሁሉ ያውቀዋል። ኤፍሬም ታምሩን የሰማ፣ ነዋይ ደበበን የሰማ፣ ሳያውቀው የሰላምን ጊታር ሰምቷል። የኛ ቤት ቴፕ እኔ ከመወለዴ በፊት የተገዛ ነው። የወረታ ልጅ ሆኜ፣ ስሙን ሳላውቅ፣ የዚያን ሰው ጣቶች እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ሰላምን «ኢትዮጵያዊው ጂሚ ሄንድሪክስ» ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማው አልወደድኩትም። የኛን ሰው ሁሉ በፈረንጅ ሜትር መለካት ይሰለቻል። በኋላ ግን የሄንድሪክስን አጀማመር ሳነብ ስያሜው ሰጪዎቹ ካሰቡት በሌላ በኩል ልክ መጣልኝ።

ሄንድሪክስን ሁላችንም የምናውቀው ከፊት ቆሞ፣ ጊታሩን በጥርሱ ሲጫወት፣ ሲያቃጥል ነው። ከዚያ በፊት ያለው ግን ይረሳል። ከአሜሪካ ጦር በ1962 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ እስከ 1966 ድረስ የሰው አጃቢ ነበር። ለአይዝሊ ብራዘርስ ተጫውቷል፣ ለሊትል ሪቻርድ ተጫውቷል። ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ እየዞሩ፣ የባንዱን ዩኒፎርም ለብሶ፣ ከኋላ ሰልፍ ውስጥ። አጃቢ ከአለቃው በላይ እንዲታይ አይፈቀድም ነበር፤ ልብሱ እንኳን ከአለቃው ልብስ እንዳይበልጥ ይጠበቃል። ከዚያ በ1966 ለንደን ሄደ፤ በዓመቱ የመጀመሪያ አልበሙ ወጣና ዓለም «ከየት መጣ?» አለ። የመጣው ከኋላ ሰልፍ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ድምፃዊ ሲተነፍስ መጠበቅን፣ ባዶ ቦታ ስታገኝ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ገብተህ መውጣትን የተማረው እዚያ ነው።

ሰላምና ሄንድሪክስ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ በአጃቢነቱ ዘመን። ልዩነታቸው አንዱ ወጥቶ ወደ ፊት መጣ፣ አንዱ ግን እዚያው ኋላ ሆኖ የአንድ አገር ሙዚቃ ድምፅ ምን እንደሚመስል ወሰነ።

ይኼን ዝም ብዬ አላልኩትም። ላፕቶፔ ላይ ድምፅን ሳያበላሽ ፍጥነቱን ብቻ የሚቀንስ ፕሮግራም አለኝ። የአይቤክስን ቅጂዎች ግማሽ ፍጥነት ላይ አድርጌ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ የጊታሩን መስመር ብቻ ለመከተል ብዙ ማታ ተቀምጫለሁ። የጠበቅኩት ሶሎ ነበር። ያገኘሁት ቁጥብነት ነው። አጭር ሐረግ ይጀምራል፤ ድምፃዊው ሲገባ ዝም ይላል ወይ ወደ ምት ይመለሳል፤ ድምፃዊው ስንኙን ሲጨርስ ደግሞ መልሶ ይመልስለታል።

ይኼን ነገር የት ነው የማውቀው ብዬ አሰብኩ። ለካ አዝማሪ ነው! ጥር ላይ በፎገራ ሠርግ ዳስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አዝማሪው ስንኙን ይላል፣ ማሲንቆው ደግሞ ያንኑ ይደግመዋል፣ እሱ እስኪደግም አዝማሪው ቀጣዩን ስንኝ ያስባል። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ነው ያለው፤ በአንድ ክር ግን ሰው እስኪያለቅስ ያወራል።

ክራሩንም አስቡት። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ነው፤ ከመጀመርህ በፊት ለምትፈልገው ቅኝት ትቃኘዋለህ፤ ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰል፣ ለአንቺሆዬ። ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች ሥራ ደግሞ የማይፈለጉትን ክሮች ማፈን ነው። ቀኝ እጅ ሁሉንም ይመታል፣ ግራ እጅ የትኛው ዝም እንደሚል ይወስናል። ጊታር በአንድ ኦክታቭ ውስጥ 12 ድምፅ ይሰጥሃል። ቅኝት ደግሞ 5 ብቻ ያዝ ይልሃል። ለትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፤ በቃ። የቀሩት 7 ድምፆች እዚያው ጣትህ ሥር ናቸው፣ ግን አትነካቸውም። ፈረንጅ ያመጣውን መሣሪያ የኛ የሚያደርገው ይኼ የመተው ጥበብ ይመስለኛል። ጊታር ገዝቶ ዩቲዩብ ላይ ሶሎ የሚያጠና ልጅ መጀመሪያ የሚማረው መጨመርን ነው። ሰላምን ቀስ አድርጋችሁ ስሙት፤ የምትሰሙት የተማረ ሰው ሲተው ነው።

ይህን ሁሉ የምቆጥረው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ጉዳይ ስላለ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ወረታ ነው። 12ኛ ክፍል ፈተና አልፏል፣ ዩኒቨርሲቲ ግን ጥሪው እየዘገየ፣ መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ ቤት ተቀምጧል። ወረታን የማያውቅ ካለ፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋ ፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ውሃ ያደርጉታል፣ ውሃው ሩዝ ያበላናል፤ ስንቱን ደግሞ ቤት ያፈርስበታል። የኛ እንጀራ ሩዝ የተቀላቀለበት ነው፤ አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ መጀመሪያ ሲቀምሱት ነጭነቱ ይገርማቸዋል። በመንገዱ ዳርና ዳር የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ተደርድረዋል፤ ከኅዳር ጀምሮ ጩኸታቸው ቀን ቀን አያቋርጥም።

ወንድሜ ከሩዙ ሽያጭ ከደረሰው ላይ ያገለገለ ጊታር ከባሕር ዳር ገዛ። ማጉያ የለውም። ወፍጮው ሲጮኽ የራሱን ጊታር ስለማይሰማ የሚለማመደው ማታ፣ ወፍጮው ከቆመ በኋላ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ዩቲዩቡም ቀረ። ያኔ ሜሞሪ ካርድ ላይ የነበሩትን ዘፈኖች ብቻ እየደጋገመ፣ በጆሮው ብቻ ማጥናት ጀመረ። ሳስበው የሰላም ትውልድም እንዲሁ ነው የተማረው። አስመራ ላይ ቃኘው የሚባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሬዲዮ ነበረው፤ ከዚያ ሬዲዮ የሚወጣውን ሶልና ሮክ እየሰማ፣ ሸክላ እያመላለሰ ነው ያ ትውልድ ጣቱን ያፍታታው። ወንድሜ ዘፈንም ይጽፋል። አንዱ ስለ ጉማራ ሙላት ነው። ግጥሙ ጎበዝ ነው፤ ወንድሜ ስለሆነ አይደለም።

ታዲያ አንድ ቀን አባቴ ደወለ። ሰላምታው አጠረ። «እስቲ ይኼን ልጅ ምከረው» አለኝ። «አዲስ አበባ ሄጄ ክለብ እጫወታለሁ ይላል። ዩኒቨርሲቲው ሲጠራኝም አልሄድም ይላል። አንተ ተምረህ ሰው ሆነሃል፤ አንተን ይሰማል።»

«ምን ልበለው አባዬ?»

«አዝማሪ አትሁን በለው፣ ሌላ ምን ትለዋለህ!»

እኔ ኢንጂነሪንግ ተምሬ ሶፍትዌር እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ፤ በየወሩ ደመወዝ አለኝ፤ በቤታችን እንደ ምሳሌ የምጠቀሰው እኔ ነኝ። ስለዚህ ቃሌ ሚዛን አላት። ለዚያም ነው ቶሎ መመለስ ያልፈለግሁት።

የአባቴን ነገር በሁለት ከፈልኩት። አንዱ ስድቡ ነው፣ ሁለተኛው ስጋቱ። ስድቡን አልቀበለውም። በኛ አገር አዝማሪውን ሠርጋችን ላይ እንጠራለን፣ ብር ግንባሩ ላይ እንለጥፋለን፣ ልጃችን ሲሆን ግን እናፍራለን። በነገሥታቱ ጊዜ ሕዝብ ምን ይላል ተብሎ የሚደመጠው እረኛና አዝማሪ ነበር። ንጉሥን ፊት ለፊት በቅኔ የሚወጋ ሙያ እንዴት ስድብ እንደሆነ አባቴን ብጠይቀው እሱም መልስ የለውም።

ስጋቱ ግን እውነት ነው። ስጋቱን መናቅ አልችልም።

የካሴት ሽፋን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሦስት ነገር ይጻፍበታል፤ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ወይም እገሌ ባንድ። በሥራዬ ጊት የሚባል መሣሪያ እንጠቀማለን። እዚያ ላይ «ብሌም» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ አንድን ኮድ ስታስገባለት እያንዳንዱን መስመር ማን፣ በየትኛው ቀን እንደጻፈው ይነግርሃል። አሥር ዓመት ያለፈው መስመር ቢሆን እንኳን ስም አለው። ካሴት ላይ እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ የለም። ስንሰማ ጮክ ብለን የምናንጎራጉረው ያ የጊታር መግቢያ፣ ዘፈኑን ገና ድምፃዊው ሳይገባ የምናውቅበት፣ ግጥም አይደለም፤ ዜማ ተብሎ አልተመዘገበም፤ «ቅንብር» የሚለው ቃል ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተጠቅልሎ ቀርቷል። አንድ ሰው ግን ያንን መግቢያ ቁጭ ብሎ አስቦታል።

ሕጉ ዛሬ ይሻላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን ብቻ ሳይሆን ሥራውን የሚጫወተውንም ሰው ባለ መብት ያደርገዋል። ግን አዋጁ ሲወጣ ሮሃ ያጀባቸው ካሴቶች ከተሸጡ፣ ከተባዙ፣ ከተሰረቁም ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። ከዚያ ደግሞ ኪቦርድ መጣ። አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ዋሽንቱንም ሲይዘው አምስት ሰው ማን ይቀጥራል? የወረታ ሠርግ ዛሬ ኪቦርድና ድምፃዊ ነው፤ ጊታር ይዞ የሚመጣ የለም። አባቴ ይኼን ሁሉ በአዋጅ ቁጥር አያውቀውም፤ በዓይኑ ግን አይቶታል።

ለወንድሜ ይኼን ስነግረው «ጃኖስ?» አለኝ። ልክ ነው፣ ጃኖ አለ። በ2005 ዓ.ም. «ኤርታሌ» ሲወጣ እኔ ገና ትምህርት ቤት ነበርኩ። አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገው፣ አራት ድምፃውያን ከፊት፣ የሚካኤል ኃይሉ ጊታር ደግሞ ሳይሸማቀቅ፣ ሮክ ነኝ ብሎ፣ ቅኝቱን ሳይለቅ የሚጮኽበት። ክፍላችን ውስጥ «ይኼ ጩኸት ነው» ያለም ነበር፣ እኔና ጓደኞቼ ግን ከስልክ ስልክ በብሉቱዝ ተቀባብለነዋል። ጃኖ ያሳየን ጊታር በአማርኛ ከፊት መቆም እንደሚችል ነው። ያ ደጃፍ እንዲከፈት ግን ከ30 ዓመት በላይ ከኋላ ቆሞ በቅኝት የተጫወተ ሰው መኖር ነበረበት። ጆሯችንን ያለማመደው እሱ ነው።

ወንድሜን ሁለት ነገር ነገርኩት። ሁለቱም ከሰላም ታሪክ የወሰድኳቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ስለ ሌሊት ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ክለብ ውስጥ ያለ ሰው መውጣት ስለማይችል በሩ ይዘጋና እስኪነጋ እዚያው ይታደራል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ውጪ ያለው ዘመን ክፉ ነበር፤ ያንን ማስዋብ አልፈልግም። ግን አስቡት፤ ያንን ያህል ሰዓት፣ ያንን ያህል ሌሊት፣ ለተለያየ ድምፃዊ፣ በተለያየ ቁልፍ መጫወት። የኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አንዱ ያ የተዘጋ በር ነው። አይቤክሶች በ1968 ዓ.ም. ያለ ድምፃዊ፣ በመሣሪያ ብቻ የቀዱት ሙዚቃ አለ፤ ራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የተቀዳ። ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ተቀምጦ በ2024 እ.ኤ.አ. ነው አልበም ሆኖ የወጣው። አጃቢዎቹ ብቻቸውን ሲሆኑ ምን እንደሚመስሉ መስማት ለሚፈልግ እሱን ይስማ። አንዱም ሌላውን አይጋፋም። ያንን በአንድ ወር አታገኘውም፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ስትመጣ ከፊት ለመቆም አትቸኩል፣ የሚያስቆምህ ካገኘህ ከኋላ ቁም አልኩት።

ሁለተኛውን ሲሰማ ግን ዝም አለ። ሰላም ስዩም በዚያ ሁሉ ሥራ መሀል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሯል። የመመረቂያ ጽሑፉን በ1980 ዓ.ም. የጻፈው ስለ ምን መሰላችሁ? ዘመናዊ ሙዚቃ በኢትዮጵያ እንዴት እንደተጀመረና እንዳደገ። ከዓድዋ ዘመን እስከ አብዮቱ። የኢትዮጵያን ሙዚቃ የሚያጠኑ ሰዎች ያቺን ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይጠቅሷታል። እኔ ይኼን ሳነብ ቆሜ አሰብኩ። በካሴት ሽፋን ላይ «ባንዱ» ተብሎ የሚታለፍ ሰው፣ ቀን ላይብረሪ ገብቶ ከሱ በፊት ያለፉትን «ባንዶች» ስም ሲሰበስብ። የስም ዝርዝሩን ማንም ካልያዘልን እኛ እንያዘው ያለ ይመስለኛል።

«ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ግባ ነው የምትለኝ?» አለ ወንድሜ።

«ጊታሩን ይዘህ ግባ ነው የምልህ።»

«የማደሪያ ክፍል ውስጥ ይሰርቁታል።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ለአባቴም ደወልኩ። አዝማሪ አትሁን እንዳላልኩት ነገርኩት። ሲጠሩት እንዲሄድ፣ ጊታሩ ግን አብሮት እንደሚሄድ፣ አዲስ አበባ ሲመጣ እኔ ጋ እንደሚያርፍ፣ የሚያርፍበትም ሆነ የሚበላው እንደማይቸግረው ነገርኩት። ቃሌ ሚዛን ካላት እዚህ ላይ ትሥራ። ብዙ ዝም አለ። ከበስተኋላው ወፍጮ ይጮኻል። ከዚያ «ሰውየው ግን፣ ያ የምትለው ጊታሪስት፣ ልጆች አሉት? ቤት ሠራ?» አለኝ። የአባቶች ጥያቄ ይኼው ነው፤ እኔም ስለ ሰውየው ኑሮ ሳይሆን ስለ ወንድሜ ኑሮ እንደሚጠይቀኝ ገብቶኛል። «ወረታ ውስጥ የሱን ጊታር ያልሰማ ቤት የለም» አልኩት። «እንዴት?» አለ። የቤታችንን ቴፕና የኤፍሬምን ካሴቶች አስታወስኩት። «ይኼ ነው እንዴ?» አለና በአፉ አንድ መግቢያ አንጎራጎረልኝ፤ ግጥም የሌለው፣ ጊታሩን ብቻ። አንድም ድምፅ አልሳተም።

እሺ አላለም። አይሆንምም አላለም። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ የጊታሩ ቀጭኗ ክር እንደተበጠሰች ነገረኝ፤ ወረታ ውስጥ የሚሸጥ የለም፣ ከባሕር ዳር ለማስመጣት ደግሞ መንገዱን እየጠበቀ ነው። እስከዚያ በ5 ክር እየተጫወተ ነው። ክራርም 5 ነው አልኩት። «አውቃለሁ፣ ለትዝታ አልጎደለብኝም» አለ።